ቆሻሻ አቃጥሎ መብራት ማውጣት ለድሬዳዋ ይሆናል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ገንዳው ሞልቶ ሲፈስ ወይ መብራት ሲሄድ ድሬ ላይ የማይቀር ሐሳብ አለ። «አቦ፣ ይሄን ሁሉ ቆሻሻ አቃጥለን ለምን መብራት አናወጣበትም?» ባጃጅ ውስጥ ይነሳል፣ በርጫ ላይ ይነሳል፣ የሰፈር ስብሰባ ላይም ይነሳል። የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። ግን ስለ ምድጃው ከማውራታችን በፊት ቆሻሻ የምናጠራቅምበት ማዳበሪያ (ጆንያ) ውስጥ ያለውን ብናይ ይሻላል። ጥያቄዎቹን ሰው እንደሚጠይቃቸው አስቀምጫቸዋለሁ።

ቆሻሻ ሲቃጠል እንዴት ነው መብራት የሚሆነው?

ነገሩ ውሃ ማፍላት ነው። ቆሻሻው ይነዳል። ሙቀቱ ቦይለር ውስጥ ያለውን ውሃ እንፋሎት ያደርገዋል። እንፋሎቱ ተርባይን ያሽከረክራል፣ ተርባይኑ ጄኔሬተር ያዞራል። በድንጋይ ከሰል ከሚሠራ ጣቢያ የሚለየው በዋናነት በማገዶው ነው።

ማገዶው ግን ጣጣ አለው። መኪናዎቹ ቆሻሻውን የሚገለብጡት ትልቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ከላይ የተሰቀለ ክሬን በብረት ጥፍሩ ይዘግነዋል፣ ከፍ አድርጎ መልሶ ይበትነዋል፣ እንደገና ይዘግነዋል። ሲያዩት ሥራ የፈታ ይመስላል። ግን አንዱ መኪና የሐብሐብ ልጣጭ፣ ሌላው ካርቶን ይዞ ነው የሚመጣው። ሳይደባለቅ ከገባ እሳቱ አንዴ ይንቦገቦጋል፣ አንዴ ሊጠፋ ይደርሳል። ቆሻሻው እዚያ ጥቂት ቀን ሲቆይ ደግሞ ከውሃው የተወሰነው ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ ነው ምድጃ የሚገባው።

የምድጃው ወለል የሚንቀሳቀስ የብረት ፍርግርግ ነው። ቆሻሻውን ቀስ እያለ ወደፊት ይገፋዋል። መጀመሪያ ይደርቃል፣ ቀጥሎ ይቀጣጠላል፣ መጨረሻ ላይ አመድ ሆኖ ይወድቃል። ከምድጃው ቀጥሎ ያለው ረጅሙ የፋብሪካ ክፍል ጭሱን የሚያጣራው ነው። ብዙ ገንዘብ የሚበላውም እሱ ነው።

እኛ አገር ተሞክሮ ያውቃል?

አዎ፣ አዲስ አበባ ረጲ ላይ፣ ቆሼ ከሚባለው የቆሻሻ ተራራ አጠገብ። ጣቢያው የተመረቀው ነሐሴ 2010 ዓ.ም. ነው። በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታስቦ የተሠራ ሲሆን ሁለት ባለ 25 ሜጋ ዋት ተርባይኖች ተተክለውለታል። ወጪው ወደ 120 ሚሊዮን ዶላር ይጠጋል።

ስለ ረጲ ሲወራ ሁሉም መብራቱን ያነሳል። እኔ ግን መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም.ን ላስታውሳችሁ። ጣቢያው ገና ግንባታ ላይ እያለ የቆሼ ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። እንዲህ ዓይነት ፋብሪካ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ተራራው እንዳያድግ ነው። የገባው ቆሻሻ ከያዘው ቦታ 90 በመቶ ያህሉን ያጣል። መብራቱ ምርቃት፣ ማለትም ጭማሪ ነው።

የድሬ ቆሻሻ ይነዳል ወይ?

ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው።

ከሳቢያን ወይ ከመጋላ ሰፈር አንድ ማዳበሪያ ወስዳችሁ ዘርግፉት። የሽንኩርት ልጣጭ፣ የፓፓያና የማንጎ ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊ፣ የቡና አተላ፣ የከሰል አመድ፣ ግቢ ሲጠረግ የታፈሰ አሸዋ፣ ጥቂት ፌስታል። ከዚያ ገረባ (ከጫት የተረፈው እንጨትና ቅጠል)፣ አሁንም ገረባ። ሃይላንድ ፈልጋችሁ ብዙ አታገኙም። ከግቢ ሳይወጣ ቆራሌው ወስዶታል፣ ወይ ልጆች ገንዳው ጋ ለቅመውታል።

ወደ ቁጥር እንለውጠው። የዓለም ባንክ በዚህ ጉዳይ ያወጣው መመሪያ ቆሻሻው በአማካይ በኪሎ ቢያንስ 7 ሜጋጁል ሙቀት ሊኖረው ይገባል ይላል። በየትኛውም ወቅት ከ6 መውረድ የለበትም። የአውሮፓ የቤት ቆሻሻ 9 እና 10 አካባቢ ነው። ደረቅ እንጨት ወደ 18 ይጠጋል፣ ፌስታል ከ40 ያልፋል። የአትክልትና የፍራፍሬ ልጣጭ ግን አብዛኛው ውሃ ነው። ያ ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ እያንዳንዱ ኪሎ ከ2 ሜጋጁል በላይ ከእሳቱ ይበላል። አሸዋና አመድ ደግሞ ሙቀት ጠጥተው እንደገቡ የሚወጡ ናቸው።

መሐንዲሶች ሌላም ቀላል መለኪያ አላቸው። እርጥበቱ ከ50 በመቶ በታች፣ አመዱ ከ60 በመቶ በታች፣ የሚነደው ክፍል ከ25 በመቶ በላይ ይሁን ይላሉ። ሦስቱ ከተሟሉ ቆሻሻው ራሱን ችሎ ይነዳል። ካልተሟሉ ነዳጅ እየጨመሩ ማቃጠል ነው። በናፍታ ሰልፍ በምናድርበት አገር ቆሻሻ ለማቃጠል ናፍታ ልንገዛ ማለት ነው!

ስለዚህ መልሱ እንዲህ ነው፦ ደረቁ ይነዳል፣ ተደባልቆ የመጣው ግን ያስቸግራል። የድሬ አየር ሞቃትና ደረቅ መሆኑ ያግዛል። አንድ ዝናብ ክዳን የሌለው ገንዳ ላይ ከዘነበ ግን ያው ነው።

ገረባስ? ደርቆ አይነድም?

ይነዳል እንጂ፣ ያውም ጥሩ አድርጎ። ቀጭን እንጨት ማለት ነው፤ የድሬ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ቶሎ ይደርቃል። ችግሩ የምንጥለው እርጥቡን፣ በፌስታል ቋጥረን፣ ከለውዝ ልጣጭና ከሲጋራ ቁራጭ ጋር መሆኑ ነው። ፌስታሉ ውስጥ አየር አይገባም፣ ስለዚህ በመድረቅ ፋንታ ይሻግታል።

ለብቻው ቢሰበሰብ ከትልቅ ምድጃ ይልቅ ትንሽ ሥራ ይስማማዋል። ደርቆ፣ አየር በሌለበት ከስሎ፣ ተፈጭቶ፣ ከማጣበቂያ ጋር ተለውሶ ሲጨመቅ ብሪኬት ይወጣዋል፤ በከሰል ምድጃ ላይ ቡና ያፈላል። ለስላሳው ቅጠል ደግሞ ለኮምፖስት ይሆናል። ፍየሎቹ ይሄ ክፍፍል ከገባቸው ቆይቷል። ቅጠሉን በልተው እንጨቱን ለእኛ ይተዉታል።

ቢሠራ ስንት መብራት ይገኛል?

እናስላው። ያው የዓለም ባንክ መመሪያ በዓመት 50,000 ቶን ቆሻሻ የማያገኝ ከተማ ባይገባበት ይመክራል። ይህ በቀን 137 ቶን ገደማ ነው። ድሬ ይህን ያህል በየቀኑ ለፋብሪካው አቀረበች፣ ሙቀቱም የተባለውን 7 ሜጋጁል አሟላ እንበል።

አንድ ቶን ውስጥ ያለው ሙቀት ወደ 1,940 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ከዚህ ውስጥ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው አንድ አምስተኛው፣ ቢበዛ አንድ አራተኛው ነው። 430 እንበለው። ፋብሪካው ራሱ ለአየር መንፊያው፣ ለክሬኑና ለማጣሪያው ይበላል። ወደ መስመር የሚገባው 350 ገደማ ቢሆን ነው። በ137 ቶን ስናባዛው በቀን ወደ 48,000 ኪሎ ዋት ሰዓት፤ ለ24 ሰዓት ስናካፍለው 2 ሜጋ ዋት።

2 ሜጋ ዋት ስንት ነው? አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ይፈልጋል ብንል በአንድ ጊዜ 570 ምጣድ ያሰማል። ለአንድ ሰፈር እንኳን ደስ ያለው ነገር ነው። የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት በተባለበት አገር ግን ለመብራት ብሎ ይህን ፋብሪካ የሚተክል ሰው ስሌቱን እንደገና ይሥራ።

ቢያንስ የመብራት መጥፋት ይቀንሳል አይደል?

አይመስለኝም። የሰፈሩ ትራንስፎርመር ሲቃጠል ወይ ምሰሶ ሲወድቅ የኃይል ጣቢያ መጨመር ምንም አይፈይድም።

ስዊድኖችና ዴንማርኮች ያተርፉበት የለ?

ያተርፉበታል። ስዊድን የራሷ አልበቃ ብሏት ከጎረቤት ቆሻሻ ታስገባለች። ኮፐንሃገን ውስጥ ያለው ማቃጠያ ደግሞ ጣሪያው ላይ የበረዶ መንሸራተቻ አለው።

ትርፋቸው ግን ከመብራቱ ብቻ አይደለም። ተርባይኑን አዙሮ የወጣውን ሙቀት በቧንቧ ወደ ቤቶች ልከው ለማሞቂያ ይሸጡታል። ከቆሻሻው ሙቀት አብዛኛውን የሚጠቀሙት በዚህ መንገድ ነው። እስቲ በግንቦት ከዚራ ላይ ቆማችሁ «ሙቀት የሚገዛ!» በሉ። ሌላው ገቢያቸው ቆሻሻውን የሚያመጣው ከተማ በየቶኑ የሚከፍለው ነው፤ እሱም በአውሮፓ ዋጋ።

እዚህ እንፋሎት የሚገዛ ቢኖር ነዋሪው ሳይሆን ፋብሪካ ነው። ጨርቅ የሚያቀልም፣ ሳሙና የሚያፈላ፣ ምግብ የሚያቀነባብር ሁሉ እንፋሎት ይፈልጋል። ማቃጠያ ድሬ ላይ ይተከል ከተባለ ኢንዱስትሪ ያለበት አካባቢ እንጂ ከከተማ ርቆ ሜዳ ላይ መሆን የለበትም። አንድ ነገር ልጨምር። እንፋሎቱን መልሶ ውሃ ለማድረግ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል። ከጉድጓድ ውሃ እየሳበች ለምትጠጣ ከተማ ውሃ የሚፈጅ ማቀዝቀዣ ቅንጦት ነው። በአየር የሚያቀዘቅዝ አለ፤ ግን አየሩ በሞቀ ቁጥር የሚወጣው መብራት ይቀንሳል።

ጭሱ አይመርዘንም?

በሥርዓት ከተሠራና በሥርዓት ከተያዘ ትንሽ ነው የሚወጣው። «ከተያዘ» የምትለዋን ያዙልኝ።

የሚፈራው ዳዮክሲን ነው፤ ክሎሪን ያለበት ነገር በደካማ እሳት ሲቃጠል በብዛት የሚፈጠር መርዝ። በአውሮፓ ሕግ ጭሱ ቢያንስ ለ2 ሰከንድ ከ850 ዲግሪ በላይ ሙቀት ውስጥ መቆየት አለበት። ከዚያ ኖራ ይረጭበታል፣ አሲዱን ይይዛል። ዱቄት የሆነ ልዩ ከሰል ይነፋበታል፣ ሜርኩሪውንና ዳዮክሲኑን ይይዛል። መጨረሻ ላይ በረጃጅም የጨርቅ ከረጢቶች ውስጥ ያልፋል፣ ብናኙ እዚያ ይቀራል።

ከረጢቶቹ ያረጃሉ፣ ይቀደዳሉ። ልዩው ከሰል ያልቃል። ሁለቱም በውጭ ምንዛሪ የሚመጡ ከሆነ ደግሞ ሊዘገዩ ይችላሉ። መለዋወጫ በጠፋ ጊዜ ፋብሪካው ይቆማል ወይስ «ለዛሬ» ተብሎ ይሠራል? እኔ ብሆን ስብሰባው ላይ የምጠይቀው እሱን ነው። የጭስ ልኬቱ በየቀኑ ለነዋሪው ይለጠፋል ወይ? ይሄንንም እጠይቃለሁ።

እኛ ግቢ ውስጥ ስናቃጥልስ ምን ልዩነት አለው?

ሰማይና ምድር! ግቢ ውስጥ የተለኮሰ የቆሻሻ ክምር 850 ዲግሪን በሕልሙም አያይም። ግማሹ ይጨሳል፣ ግማሹ ይጠቁራል። ማጣሪያው የልጆቹ ሳንባ ነው።

በተለይ አንድ ልማድ አለን። ከሰል አልያዝ ሲል ፌስታል ወይ የተሰበረ ጫማ ቁራጭ እንለኩሳለን። ፕላስቲኩ ቀልጦ ከሰሉ ላይ ይንጠባጠባል፣ ጥቁር ክር የመሰለ ጭስ ይወጣል፣ ከላይ ያለችው እናት ወይ ሠራተኛ ጎንበስ ብላ ታራግባለች። ጀበናው የሚጣደው እዚያው ላይ ነው። ከሁሉም የከፋው ክሎሪን ያለበት ፕላስቲክ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባስና አንዳንድ የውሃ ቱቦ ከዚህ ወገን ናቸው። መዳብ ለማውጣት ሽቦ የሚያቃጥሉ ልጆች ካያችሁ አባርሯቸው አልልም፣ ልጡት በሏቸው። በቢላዋ የተላጠ መዳብ ደግሞ ስላልተቃጠለ ንጹሕ ነው።

ከተቃጠለ በኋላ አመዱ የት ይሄዳል?

ከገባው ክብደት አንድ አምስተኛ እስከ አንድ አራተኛ ከሥር አመድ ሆኖ ይቀራል። የኛ አሸዋ ስለሚበዛበት ከዚህም ሊበልጥ ይችላል። ብረቱ በማግኔት ተለቅሞ ሌላው ለመንገድ ሥራ ይውላል። ከጭስ ማጣሪያው የሚወጣው ደቃቅ አመድ ግን ሌላ ነገር ነው። መጠኑ ትንሽ፣ መርዙ ብዙ። ከቤት ቆሻሻ ጋር አይደፋም፣ የራሱ የታሸገ ቦታ ያስፈልገዋል። ማቃጠያ ያለው ከተማ ከቆሻሻ መጣያ አይገላገልም ማለት ነው።

የሲሚንቶ ፋብሪካዎቹስ? እነሱ ምድጃ አላቸው አይደል?

ይቺን ጥያቄ እወዳታለሁ። አብዛኛው ሰው ሳያነሳት ነው የሚያልፈው።

ድሬ የሲሚንቶ ከተማ ናት። የአገሪቱ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተተከለው እዚሁ ነው። የሲሚንቶ ምድጃ ውስጥ ድንጋዩ 1,450 ዲግሪ ይደርሳል፣ ነበልባሉ 2,000 አካባቢ ነው። ጭሱም ሙቀቱ ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። አመዱ ደግሞ ለብቻው አይወጣም፣ ከክሊንከሩ (ተፈጭቶ ሲሚንቶ ከሚሆነው የተጠበሰ ድንጋይ) ጋር ይዋሃዳል። በብዙ አገር ደረቅ የሆነው ቆሻሻ ተለይቶ፣ ተከትፎ ከድንጋይ ከሰሉ ጋር ይገባል። አዲስ ምድጃ መትከል የለም፣ ተርባይን የለም። ትርፉ መብራት አይሆንም፤ የሚገዛው ከሰል ይቀንሳል።

ታዲያ ለምን ዝም ብለን አንልክም? ፋብሪካው እንዳገኘ አይበላም። እርጥብ ነገር ነበልባሉን ይረብሻል። ክሎሪን ያለው ፕላስቲክ ከበዛ ጨው ሠርቶ የማሞቂያ ማማውን ቧንቧ ይደፍናል። የሚቀርበው ዛሬ 2 ቶን፣ ነገ 30 ቶን ከሆነ አይፈልጉትም። ስለዚህ መለያና መከተፊያ ቦታ ያስፈልጋል፣ ቋሚ አቅርቦት ያስፈልጋል፣ የጭስ ቁጥጥሩም መጥበቅ አለበት። ይሄ ሁሉ ሥራ ነው፤ ሆኖም ለድሬ የሚቀርባት መንገድ ይሄ ይመስለኛል። ቆራሌው የማይፈልገው ፌስታል፣ ጨርቅ፣ የተቀዳደደ ማዳበሪያና የቆሸሸ ካርቶን ወደ ሲሚንቶ። እርጥቡ ወደ ኮምፖስት ወይ ባዮጋዝ።

ባዮጋዝ እንዴት ገባ?

ማቃጠያ የሚጠላውን እሱ ይወዳል። እርጥብ ልጣጭና የምግብ ትራፊ አየር በሌለበት ጋን ውስጥ ሲብላላ ሚቴን ይሰጣል፣ ሚቴኑ ምድጃ ያበራል፣ ዝቃጩ ለእርሻ ማዳበሪያ ይሆናል። ቀፊራን የመሰለ የአትክልት ገበያ፣ ሆቴል፣ የዩኒቨርሲቲ ወይ የትምህርት ቤት ካፍቴሪያ በአንድ ቦታ ብዙ እርጥብ ትራፊ ስላላቸው ይመቻቸዋል። በየቤቱ ግን አልመክርም፤ ለአንድ ቤት የሚበቃ ጋዝ ለማግኘት እንደ ከብት እበት ያለ ብዙ ግብዓት በየቀኑ ያስፈልጋል።

ታዳሽ ኃይል ይባላል?

በከፊል። ከልጣጭ፣ ከወረቀትና ከገረባ የመጣው አዎ። ፌስታል ግን የነዳጅ ዘይት ልጅ ነው። ቆሻሻ ሜዳ ላይ ሲበሰብስ ሚቴን ስለሚያወጣና ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ ስለሚያሞቅ ማቃጠሉ ከመጣሉ ሊሻል ይችላል። ፕላስቲኩን መልሶ መጠቀም ከሁለቱም ይሻላል።

ሐረርና ድሬ አብረው አንድ ቢሠሩስ?

ቁጥሩን ያሟላ ይሆናል። በካርታ ላይ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን ከግማሽ በላይ ውሃ የሆነ ጭነት በደንገጎ ጠመዝማዛ መንገድ ማመላለስ ውሃ በናፍታ መሸኘት ነው። ተለይቶ የደረቀው ብቻ ቢመጣ ያስኬዳል። ደግሞ ሐረር አጥንትና ሥጋ ነክ ነገር የሚረከቧት የራሷ የማታ ሠራተኞች አሏት። ደመወዝ አይጠይቁም፣ ጅብ ናቸው።

ማቃጠያው ከተሠራ ከተማው ይጸዳል?

አይጸዳም። ምድጃ ቆሻሻ አይለቅምም። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ የተጣለ ፌስታል በራሱ እግር ፋብሪካ አይሄድም። ጋሪ የሚገፉት የሰፈር ማኅበራት፣ በጊዜው የሚነሳ ገንዳ፣ የማይበላሽ መኪና፣ ሥራው ያለው እነዚህ ላይ ነው። የ1998 ዓ.ም.ን የድሬ ጎርፍ ያየ ሰው የወንዝ መውረጃ መደፈን ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም።

ቆራሌውና ለቃሚዎቹስ ምን ይበላሉ?

ጥሩ የሚነደውና ጥሩ የሚሸጠው አንድ ነው፦ ፕላስቲክና ካርቶን። ፋብሪካው ማገዶ አነሰኝ ባለ ቁጥር ዓይኑ እነሱ ማዳበሪያ ላይ ይወድቃል። ውል ሲፈረም «ከተማው በቀን ይህን ያህል ቶን ካላቀረበ ይቀጣል» የሚል አንቀጽ ከገባበት ለቃሚው ተፎካካሪ ይሆናል። ከመፈረሙ በፊት የሚነበብ አንቀጽ ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 የቤቱ ኃላፊ መልሶ ጥቅም ላይ የሚውለውን ከሚጣለው እንዲለይ ያዝ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አዋጅ ተተክቷል። እንዲህ ያለ ፋብሪካ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ ሳይደረግለት አይተከልም። የግምገማው ሰነድ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት፤ ሂዱና ጠይቁ።

እኔ እስከዚያው ቤቴ ምን ላድርግ?

ሁለት ማዳበሪያ። አንዱ ለእርጥብ፣ አንዱ ለደረቅ። አመድና አሸዋ ሁለቱም ውስጥ አይግባ፣ ለብቻው ይጠራቀም። ገረባ ከፌስታሉ ይውጣ። የሰፈራችሁ ጋሪ ገፊ ሁለቱን መልሶ የሚደባልቅ ከሆነ ደረቁን ለቆራሌው አቆዩለት፣ እርጥቡን ብቻ ስጡት።

ባትሪና አምፖልስ?

የትኛውም ማዳበሪያ ውስጥ አይግቡ፣ እሳትም አይንካቸው። ባትሪ ይፈነዳል፤ ረጅሙ ነጭ አምፖል ሜርኩሪ አለበት። የተከደነ ቆርቆሮ ውስጥ አድርጋችሁ ልጅ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጧቸው።